ሠላሳ አንድ ደንብ ከነምክንያቱ

የልጄ ልጅ ማራኪ ምን እንደምትሠራ ለጎረቤት ማስረዳት አቅቶኝ ነበር። ነርስ የወለደች ጎረቤቴ "ልጄ መርፌ ትወጋለች" ትላለች፤ ሹፌር የወለደችው "ልጄ ሚኒባስ ይነዳል" ትላለች። እኔ "ቤቴል፣ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ውስጥ ናት" ብዬ ዝም ነው። "ታክማለች?" ይሉኛል። አይ፣ ኮምፒውተሮቹ ጋ ናት። "ትጠግናለች?" እሱም አይደለም። በመጨረሻ ራሷን ጠየቅኋት።

"ደንብ ነው የምጠብቀው፣" አለችኝ ጫማዋን እያሰረች። "ለኮምፒውተሮቹ የወጣ ደንብ።"

"ኮምፒውተር ደግሞ ደንብ ያከብራል?"

"ከሰው በላይ፣ እማማ።"

የቀለደችብኝ መሰለኝ። እናቷ አረብ አገር ከሄደች ጀምሮ እኔ ጋ ናት፤ እኔን አንቺ እያለች፣ እየቀለደችብኝ ነው ያደገችው። ኮልፌ ግቢያችን ውስጥ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ መሬቱን በከሰል የምታሰምረው፣ ማን መቼ እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ነበረች። የሚከራከራት ካለ "ለምን እንደሆነ ልንገርህ" ትልና ቁጭ አድርጋ ታስረዳዋለች። ጨዋታው ቆሞ እሷ ስታስረዳ ይመሽ ነበር።

ባለፈው የካቲት ለደም ግፊቴ ወደዚያ ክሊኒክ ስሄድ ግን ቀልድ እንዳልሆነ አየሁ። ማራኪ እጄን ይዛ ድሮ ዕቃ ቤት የነበረች ጠባብ ክፍል አስገባችኝ። ውስጡ ከወገቤ ከፍ የሚል ጥቁር ሣጥን ቆሟል፤ ቬንትሌተር ይነፋበታል፤ ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይሉበታል። ሰርቨር ይሉታል። የሠላሳ ስምንቱ ኮምፒውተር ደንብ ሁሉ እዚያ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል አለችኝ።

ከዚያ ካርድ ክፍል ወሰደችኝና እዚያ የምትሠራውን ቤተልሄምን "እስኪ ፍላሽ ሰክተሽ አሳዪያት" አለቻት። ቤተልሄም ሰካች። ኮምፒውተሩ አልተፈቀደም የሚል ጽሑፍ አወጣ። የሕመምተኛ ታሪክ ቀድቶ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር ነው።

"ማን ነገረው?" አልኩ።

"ያ ሣጥን፣" አለች ማራኪ።

ወደ መተላለፊያው ወጥቼ ከዚያ ጠባብ ክፍል እስከ ካርድ ክፍሉ ያለውን ርቀት ተመለከትኩ። አርባ እርምጃ ይሆናል። በዕድሜዬ ደንብ ሲመጣ አይቻለሁ። በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል፣ በር ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ማኅተም የያዘ ሰው ቤት ለቤት ይዞራል። እዚህ ግን የሚለፍፍም የሚዞርም የለም፤ ሠላሳ ስምንቱም ሰምተዋል። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ያዝኩ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሚያዝያ ላይ ለሆነው ነገር ነው።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ኢዮሲያስ ጦር ኃይሎች አካባቢ ሁለተኛ ክሊኒክ ሊከፍቱ ነበር። የመክፈቻው ቀን ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በሁለተኛው ሰኞ ተቆረጠ። ማራኪን ጠርተው፣ የቤቴሉ ደንብ አንድም ሳይጎድል አዲሱ ክሊኒክ ላይ እንዲጫን፣ ደግሞም እያንዳንዱ ደንብ ምን እንደሆነና ለምን እንደወጣ በአማርኛ ተጽፎ እንዲቀርብላቸው አዘዟት። ከቻለች የሁለቱም ክሊኒክ ኮምፒውተሮች ኃላፊ ሆና በቋሚነት ትቀጠራለች። ካልቻለች ሥራውን ለአንድ ድርጅት ይሰጡታል፤ የእሷም ኮንትራት በሰኔ ያበቃል። ኮንትራቷ በየስድስት ወሩ ሲታደስ በየስድስት ወሩ እንቅልፍ የምናጣው እኔና እሷ ነን።

ደንቡን ከሣጥኑ ማውጣቱ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ጥፍሬን የምታክል ፍላሽ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ይኸው፣ የክሊኒኩ ሠላሳ አንድ ደንብ በሙሉ።"

"እዚያ ምን ቀረ ታዲያ?"

"እዚያም በሙሉ አለ።"

ይህ ነው ያስደነቀኝ። እህል ከጎተራ ሲወጣ ጎተራው ይጎድላል። ይህ ግን ወጥቶም እዚያው አለ፤ ነገ ጦር ኃይሎች ሲገባም ቤቴል ያለው አይቀንስም። ማን ምን እንደሚያይ፣ ማን ምን እንደማያይ፣ የሠላሳ ስምንት ኮምፒውተር ሥርዓት መዳፌ ላይ ነው፤ አይከብድም። እንዳይወድቅብኝ ብዬ በሁለት እጄ ያዝኩት። ማራኪ ሳቀችብኝ።

የሚከብደው ጽሕፈቱ ነበር። ሰርቨሩ ስለ ደንቦቹ ያወጣው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ምን እንደሚከለከል ይናገራል እንጂ ለምን እንደሚከለከል አይናገርም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ አልን። ማራኪ ወረቀቶቹን ያዘች፣ ለእኔ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

"እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ጻፊ። በኋላ በኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ።"

"ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ ነው ልጄ። አንዱን ደንብ ስጽፍ ይመሽብሻል።"

"ቀስ ማለትሽን ነው የምፈልገው። አንቺ ስትጽፊ እኔ አስባለሁ። ደሞ ያልገባሽን ጠይቂኝ፤ አንቺ ካልገባሽ ዶክተሩም አይገባውም።"

ጀመርን። ፓስወርድ በየሦስት ወሩ ይቀየራል። ለምን? ሥራ የለቀቀ ሰው በድሮው እንዳይገባ። ካርድ ክፍል ያሉ ሠራተኞች የላብራቶሪ ውጤት ማየት አይችሉም። ለምን? ካርድ የሚያወጡት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ የጎረቤቱን ውጤት አይቶ ዝም የሚል ሰው ጥቂት ነው። መተላለፊያው ላይ ያለው ማተሚያ ውጤት አያትምም። ለምን? ማራኪ እዚህ ላይ አሰበች። ከዚያ "ሰው መጥቶ እስኪወስደው ወረቀቱ አላፊ አግዳሚው እያየው እዚያው ስለሚቆይ መሰለኝ፣" አለች።

እየጻፍኩ ስሄድ ደንቦቹ የኮምፒውተር መሆናቸውን ረሳሁት። እያንዳንዱ የአንድ ሰው ገመና መሸፈኛ ነው። አንድ ሰው በዚያች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብሎ፣ ዓይታው የማታውቀው ነፍሰ ጡር ካርድ ስታወጣ ማን ቀና ብሎ እንደሚያያት አስቦላታል። እሷ አታውቀውም፤ እኔም አላውቀውም።

"ማን ነው ይህን ሁሉ ያወጣው?"

"ከእኔ በፊት የነበረው። ጋሽ ፈቀደ ይባላል።"

አሥራ ሰባተኛው ላይ ደረስን። ማንኛውም ኮምፒውተር አምስት ደቂቃ ካልተነካ ይቆለፋል፤ ባለቤቱ ፓስወርዱን እስኪያስገባ አይከፈትም። ለምን እንደሆነ እኔም ገባኝ። ሰው ተነሥቶ ሲሄድ ሌላው እንዳያይበት ነው። ከሥሩ ግን "ይህ ደንብ የማይመለከታት፦ ወለተጻድቅ" ይላል።

"ወለተጻድቅ ማናት?"

"አላውቃትም። አሁን ክሊኒኩ ውስጥ የለችም።" ማራኪ ወረቀቱን ወደ ጉልበቷ ጣለችው። "ትናንት ደንቡን አዲሱ ሰርቨር ላይ ልጭን ስሞክር እሱም እንዳንቺው ማናት ብሎ ጠየቀኝና እዚሁ ላይ ቆመ። የማያውቀውን ስም አይቀበልም።"

"ታዲያ?"

"እሰርዘዋለሁ።"

"ማን እንደሆነች ሳታውቂ?"

እድራችን ከትልቁ እድር ሲገነጠል የነበረውን ነገርኳት። መተዳደሪያ ደንቡን እንዳለ ገልብጠን ወሰድን። "ድንኳን በወፍጮ ቤቱ በኩል አይተከልም" የሚል አንቀጽ አገኘንበትና ሳቅን። ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ የለም፤ ሰረዝነው። ሐምሌ ላይ ለአንድ ሰው ለቅሶ በዚያ በኩል ድንኳን ተከልን፤ የቁልቁለቱ ጎርፍ ለካ በዚያ ነው የሚወርደው። ለቀስተኛው ጫማውን ይዞ ወንበር ላይ ቆመ።

ማራኪ እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያ ወረቀቱን ከጉልበቷ አነሣችው።

"የሚያውቀው ጋሽ ፈቀደ ብቻ ነው። እሱ ጋ መሄድ ደግሞ አልችልም። ሰርተፊኬት ያላት ወጣት እንፈልጋለን ብለው ነው ያሰናበቱት። ወጣቷ እኔ ነኝ፤ የተቀመጥኩት በእሱ ወንበር ላይ ነው።"

"ርክክብ አላደረጋችሁም?"

"አድርገናል። ወንበር ሁለት፣ ጠረጴዛ አንድ፣ ቁልፍ ሦስት፣ ገመድ አንድ ካርቶን። ፈርሞ ሰጠኝ፣ ፈርሜ ተቀበልኩ። ሌላ ማንም ምንም አልጠየቀውም።"

"በይ ተነሽ። ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ብቻ ነው ያለው ማነው?"

ፈቀደ አየር ጤና፣ መንገድ ዳር ኮፒ ቤት ከፍቷል። ሰኞ ማለዳ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ማራኪ ኤሌክትሪክ ምሰሶው አጠገብ ቀረች። ሃምሳዎቹን ያለፈ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ያደረገ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ዘነበወርቅ ኮፒ ማሽኑ ላይ ቆማለች።

"ኮፒ ነው እማማ? መታወቂያ ነው?"

"እኔ የማራኪ አያት ነኝ።"

በትከሻዬ በኩል ምሰሶውን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

"ዶክተሩ ነው የላከዎት?"

"ዶክተሩ አያውቁም።"

"ታዲያ ማን ላከዎት?"

"ወለተጻድቅ፣" አልኩት።

ፈቀደ በእጁ የያዘውን ወረቀት አስቀመጠ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ትከሻውን ሁሉ ነቀነቀው።

"ዘነበወርቅ! ሰማሽ? ሲስተር ወለተጻድቅ ጡረታ ወጥታም አለቀቀችኝም!"

"ክሊኒኩን ከተውክ ወዲህ ነው ሰው መስለህ እንቅልፍ የተኛኸው፣" አለችው ሚስቱ ፊቷን ሳታዞር። "ደግሞ መጡብህ?" ቢሆንም ወንበር አወጣችልኝ፤ ማራኪንም "ምሰሶው አይወድቅም፣ ነይ ግቢ" ብላ ጠራቻት።

ፈቀደ ነገረን። ወለተጻድቅ አዋላጅ ነበረች። ደንቡ የወጣ ሰሞን፣ አንዲት ወላድ ጭንቅ ላይ ሳለች፣ የደም ግፊቷ መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር አምስት ደቂቃ ሞላውና ተቆለፈ። የአዋላጇ ሁለት እጅ ጓንት ውስጥ ነው፤ ጓንቱ ደም ነው። ፓስወርድ በምን ይጻፋል? እናትየውም ልጇም በሰላም ወጡ። ወለተጻድቅ ግን እጇን እንኳ ሳትታጠብ የፈቀደ ክፍል በር ላይ መጥታ ጮኸችበት።

"ምን አለችህ?" አልኩት።

"ለእናቴ ብትሆን ትቆልፍባት ነበር? አለችኝ።" መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። "ዶክተሩን ጠየቅኩት። ልዩነት ለማንም አይደረግም፣ ለአንዱ ከተከፈተ ለሁሉ ይከፈታል አለኝ። እሷን እንቢ ማለት አልቻልኩም፤ እሱንም መጋፈጥ አልቻልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። ስሟን ብቻ ቀስ ብዬ ከደንቡ አወጣሁላት። ለማንም አልተናገርኩም፤ የትም አልጻፍኩትም።"

ማራኪ በቀስታ ጠየቀችው፤ "ሌላ ሰው አያይም ጋሽ ፈቀደ? ስክሪኑ ክፍት ሲሆን?"

"በር ዘግተው ነው የሚሠሩት። የሚገባው አዋላጅና ወላድ ነው። ማን ያያል?" ከዚያ እሱም ጠየቃት። "አሁን እዚያ ያሉት እነማን ናቸው?"

"ሁለት ልጆች ናቸው። ከእኔ ጋር የተቀጠሩ።"

"እነሱስ ጓንት አድርገው ምን ያደርጋሉ?"

"ቅሬታ አቅርበው አያውቁም።"

"ወለተጻድቅ ጮኸች፤ ሰማሁ። የማይጮኹትስ?"

ማራኪ ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄደች፤ ያየችውን ማታ ነገረችኝ። ወላድ ክፍሉ ውስጥ ከአዋላጇ ሌላ አንዲት ሴት ቆማለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ፋሪዳ ናት። በአንድ እጇ መወልወያ ይዛለች፣ በሌላው ማውሱን በየሁለት በየሦስት ደቂቃው ነካ ታደርገዋለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለቻት ማራኪ።

"እንዳይተኛ ነዋ።"

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። ልጆቹ ለመኑኝ። ወላድ ሲመጣ ይጠሩኛል።" ፋሪዳ ግራ ገብቷት አየቻት። "ከላይ የመጣ ሕግ ነው አሉኝ፤ ታዲያ ምን ይደረግ? ዓመት አለፈኝ፣ ሥራዬ መስሎኝ ነው።"

ይህን ስትነግረኝ ማራኪ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ከክፍሏ እስከዚያ በር ድረስ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ያ ሁሉ ደንብ በግድግዳ ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ የፋሪዳ ድካም ግን ተመልሶ ወደ ሣጥኑ አልመጣም። የሰው ድካም የሚመለስበት ገመድ የለም ለካ።

አሁን ምርጫው ግልጽ ነበር። ስሙን ብትሰርዘው ደንቡ ያለ እንከን ይጫናል፤ ዶክተሩ ደስ ይላቸዋል፣ ቋሚ ትሆናለች። ብትጽፈው ደግሞ ዶክተሩ የከለከሉት ነገር ተደርጎ እንደነበር፣ እሷም ከዓመት በላይ ሳታየው እንደቆየች ራሷ መሰከረች ማለት ነው። ደብተሩን ዘርግቼ አሥራ ሰባተኛው ደንብ ሥር "ምክንያት" ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅኩ።

ደብተሩን ወደ ራሷ አዙራ አነበበችው። ከዚያ፣ "ጻፊ፣" አለችኝ። "በወላድ ክፍል ያለ ኮምፒውተር በራሱ አይቆለፍም። የሚሠራበት ሰው ማንም ይሁን ማን። ምክንያቱም የአዋላጅ እጅ ሥራ ላይ ነው፤ በሩም ዝግ ነው።"

የሰው ስም ወጣ፤ ክፍሉ ገባ። የተገለበጠውን ሰነድ ሐሙስ ዕለት ለዶክተሩ ሰጠች። አጠገቧ ቆመው አነበቡት። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

"ልዩነት የለም ብዬ ነበር።"

"ብለዋል ዶክተር።"

"ማን ነው ይህን ያደረገው?"

"አስቦበት ያደረገው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ስሸከመው ቆየሁ።"

"አውጪው ብልሽስ?"

"ሌላ ሰው ያውጣው። እኔ ያለሱ አልጭነውም።"

ይህን ስትነግረኝ እኔ ነኝ ማተቤን የያዝኩት። ዶክተሩ ግን አልተቆጧትም፤ እሺም አላሏት። "ሰኞ እዚያው አሳዪኝ" ብለው ሰነዱን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ሦስት ቀን እንዲሁ ቆየን።

ሰኞ ለምርቃት የተጠራን አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ነበርን። አዲሱ ክሊኒክ ቀለም ቀለም ይሸታል። አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ ተማሪ ባዶ ፊታቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ማራኪ ፍላሹን አዲሱ ሰርቨር ላይ ሰካች። ይህን ጊዜ ማናት ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ጠፍተው እንዲበሩ አደረገች፤ ቡና እንኳ የማይፈላበት ጊዜ ነው የወሰደው። ከዚያ ካርድ ክፍል የተመደበችው ልጅ ፍላሽ ስትሰካ ኮምፒውተሩ አልተፈቀደም አላት። ቤቴል በየካቲት ያየሁትን ያንኑ ቃል፣ ዛሬ በተከፈተ ቤት፣ ትናንት ከካርቶን የወጣ ኮምፒውተር ሲናገረው ጠጋ ብዬ አነበብኩት። ፈቀደ በዚያ ሰዓት አየር ጤና መታወቂያ ኮፒ እያደረገ ነው፤ ሐሳቡ እዚህ ሥራ ጀምሯል።

ወላድ ክፍል ገባን። ዶክተሩ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ማራኪ ከኮምፒውተሩ ራቅ ብላ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። በሩ ገርበብ ብሎ የእንግዳ መቀበያው ስክሪን ይታያል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ደቂቃ። ዶክተሩ በመሐል ከሣጥኑ ጓንት መዘው አደረጉና አዋላጅ እንደሚያደርገው ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው ያዙ። አራት። አምስተኛው ሲሞላ እንግዳ መቀበያው ያለው ስክሪን ጨለመ። የወላድ ክፍሉ በርቷል። ስድስት። ሰባት። ዶክተሩ እጃቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አነበቡ። ስምንት ሲሆን ጓንታቸውን አወለቁ።

"ቤቴልስ?"

"እርስዎ ይፍቀዱ እንጂ አሁን ከዚህ ሆኜ አስገባዋለሁ።"

"አስገቢው። ፋሪዳም መወልወያዋን በሁለት እጇ ትያዝ።" ለካ ሄደው አይተዋት ኖሯል። "ሰነዱ ላይ ደንቡን ያወጣው ሰው ስም የለም።"

"መጻፍ ፈርቼ ነው ዶክተር።"

"ጻፊው። እኔ ራሴ አንድ ቅጂ ይዤለት እሄዳለሁ። የሁለቱ ክሊኒክ ደብዳቤሽ ደግሞ ነገ ይደርስሻል።"

ማራኪ አመሰገነችም አላመሰገነችም አላስታውስም። መተላለፊያው ላይ ሩጫ ተሰማ፤ ሪባኑ ገና ሳይቆረጥ አንዲት ሴት ባሏ ደግፏት መጣች። "ውጡ፣ ውጡ!" አሉን። አዋላጇ ጓንቷን እያጠለቀች ገባች፤ እኛ ወደ ግድግዳው ተጠጋን። በሩ ሲዘጋ በስንጥቁ አየሁ፤ የአዋላጇ ሁለቱም እጆች ሴትየዋ ላይ ናቸው፤ ከራሷ በላይ ስክሪኑ በርቷል፤ ማንም አይነካውም።